ዶክተር አርማወር ሐንሰንና የሕሙማኑ ፈቃድ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ዘነበወርቅ በተባለው ሠፈር የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ስሙን የወሰደው የኢትዮጵያን ምድር ሳይረግጡ ካለፉ አንድ ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። የሥጋ ደዌን መንሥኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ያዩ ሰው በመሆናቸው ስማቸው በሕክምናው ዓለም ከፍ ብሎ ይጠራል። ይሁን እንጂ የእኚህ ሰው ሕይወት የግኝት ታሪክ ብቻ አይደለም። በአንዲት ሕመምተኛ ላይ ያለ ፈቃዳቸው ባደረጉት ሙከራ ፍርድ ቤት ቀርበው የተፈረደባቸው ሰውም ናቸው። ስለሆነም የሐንሰን ሕይወት ምርምር ለሚያካሂድ፣ መሣሪያ ለሚነድፍና ሕንፃ ለሚያቆም ባለሙያ ሁሉ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ይኸውም በሰው ሕመምና የአካል ጉዳት ላይ የሚመራመር ሰው ባለጉዳዩን እንደ መመርመሪያ ዕቃ ይቈጥረዋል ወይስ እንደ ሥራ ባልደረባ ይቀበለዋል የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሐንሰን በሥራ ላይ በነበሩበት ዘመን አዲስ አበባ ገና በመቈርቈር ላይ ነበረች። የከተማይቱም እምብርት አራዳ ነበረ። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በሚቆመው ገበያ ባላገሩና ነጋዴው፣ መኳንንቱና አሽከሩ ይገናኙ ነበር። እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በጊዮርጊስም ደጅ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሌሎች ነዳያን ጋር ተቀምጠው ምጽዋት ይጠይቁ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ከየሰው ደጅ ቆመው በዜማ የሚለምኑትና የሚመርቁት ላሊበሎችም በሕዝቡ ዘንድ የሚታወቁት ከዚሁ ሕመም ጋር በተያያዘ እምነት ነው። ላሊበላ የአባቶቹን ልመና ቢተው ደዌው ይወጣበታል ይባላል። ከዚህ እምነት ሥር ያለው ሐሳብ ሥጋ ደዌ በዘር የሚወርድ ነው የሚል ነው። ነገር ግን ይህ ሐሳብ የአገራችን ሕዝብ ብቻ አልነበረም። በሐንሰን አገር በኖርዌይም የተማሩት ታላላቅ ሐኪሞች ሳይቀሩ ይህንኑ ያስተምሩ ነበር።

ጌርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1841 በምዕራብ ኖርዌይ በምትገኘው በበርገን የወደብ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ቤተሰቡም 15 ልጆች ያፈራ ነበር። ቤተሰቡ ሰፊ፣ ገንዘቡ ውሱን ስለ ነበር ወጣቱ ሐንሰን የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን የተማሩት እየሠሩ ነው። በዛሬዪቱ ኦስሎ፣ በዚያን ጊዜ ክሪስቲያንያ ትባል በነበረችው ከተማ፣ የሕክምና ትምህርታቸውን በ1866 ፈጸሙ። ጥቂት ጊዜም በሰሜን ኖርዌይ በሎፎተን ደሴቶች ለዓሣ አጥማጆች ሐኪም ሆነው ካገለገሉ በኋላ በ1868 ወደ ተወለዱባት ከተማ ተመልሰው በሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ።

በዚያን ዘመን በርገን በአውሮፓ ውስጥ ስለ ሥጋ ደዌ ከፍተኛ ዕውቀት የተከማቸባት ከተማ ነበረች። ምክንያቱም በምዕራብ ኖርዌይ የባሕር ዳርቻ ሕመሙ በርትቶ ስለ ነበር ነው። በከተማይቱ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የቆየው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታልና በ19ኛው መቶ ዓመት የተሠሩት ሌሎች ሁለት ሆስፒታሎች ሕሙማኑን ይቀበሉ ነበር። የሥራው መሪ ዳንኤል ኮርኔልዩስ ዳንየልሰን ነበሩ። ዳንየልሰን ከባልደረባቸው ከካርል ቪልሄልም ቦክ ጋር በ1847 ያሳተሙት መጽሐፍ የሥጋ ደዌን ምልክቶች በሥርዐት የለየ የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ሊቃውንት ሕመሙ በዘር እንጂ በመተላለፍ እንደማይመጣ ያምኑ ነበር። ዳንየልሰን ይህን እምነታቸውን ለማረጋገጥ ከሕሙማን ቁስል የተወሰደ ነገር በገዛ ሰውነታቸው ላይ እስከ መከተብ ደርሰዋል። ሕመሙ ስላልያዛቸውም እምነታቸው የበለጠ ጸና።

ሐንሰን ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያደረባቸው በማይክሮስኮፕ ብቻ አልነበረም። የኖርዌይ መንግሥት በ1856 በመላ አገሪቱ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መዝገብ እንዲያዝ አድርጎ ነበር። ይህም መዝገብ በዓለም ላይ በአንድ በሽታ ስም በብሔራዊ ደረጃ የተደራጀ የመጀመሪያው የሕሙማን መዝገብ ነው ይባላል። በመዝገቡ ውስጥ እያንዳንዱ ሕመምተኛ የት እንደሚኖር፣ ከቤተሰቡ ማን እንደ ታመመ፣ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረው ይጻፍ ነበር። ይህን ሁሉ የነገሩት ሕሙማኑና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ወጣቱ ሐኪም መዝገቡን እየመረመሩ፣ በየመንደሩም እየዞሩ ሲጠይቁ ሕመሙ የሚከተለው የዘርን መስመር ሳይሆን አብሮ የመኖርን መስመር መሆኑን አስተዋሉ። ስለዚህ የሐንሰን ሳይንስ የመጀመሪያው መሠረት የሕሙማኑ ቃል ነበረ ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ በዚያን ዘመን ያንን ቃል የሰጡትን ሰዎች የሥራው ተካፋይ ብሎ የጠራቸው ባይኖርም።

በ1870 እና በ1871 ሐንሰን ወደ ቦንና ወደ ቪየና ሄደው የማይክሮስኮፕ ሥራን ተማሩ። በዚያው ጕዞ የዳርዊንን ሥራ አንብበው እጅግ ተማረኩ፤ በኋላም በአገራቸው የዳርዊንን ሐሳብ ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ ሆነዋል። ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉና የካቲት 28 ቀን 1873 ከአንድ ሕመምተኛ እብጠት በተወሰደ ናሙና ውስጥ ቀጫጭን ዘንግ የመሰሉ አካላትን አዩ። ግኝታቸውንም በሚቀጥለው ዓመት አሳተሙ። ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ያስታወቁት በ1882 በመሆኑ የሐንሰን ግኝት ምን ያህል ቀዳሚ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ያው 1873 ዓመት ግን ለእርሳቸው የኀዘን ዓመትም ነበር። በዚያው ዓመት ያገቧቸው የዳንየልሰን ልጅ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱባቸው። የሐንሰን ግኝት የአማታቸውን የዕድሜ ልክ ትምህርት የሚያፈርስ ቢሆንም ሁለቱ ሰዎች አብረው መሥራታቸውን አላቋረጡም። ሐንሰን በ1875 በመላ ኖርዌይ የሥጋ ደዌ ጉዳይ ዋና ሐኪም ሆነው ተሾሙ።

ባክቴሪያ ማየት ግን መንሥኤነቱን ማረጋገጥ አይደለም። ለማረጋገጥ ባክቴሪያውን ከሰውነት ውጭ ማራባት ወይም በእንስሳ ላይ ሕመሙን ማስነሣት ያስፈልግ ነበር። ሐንሰን ሁለቱንም ሞክረው አልተሳካላቸውም። ይህ የእርሳቸው ድካም ማነስ አልነበረም፤ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ድረስ በሰው ሠራሽ ማራቢያ አልበቀለም። በ1879 በጋ አልበርት ናይሰር የተባሉ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ወደ በርገን መጥተው ናሙና ወሰዱ፤ በአገራቸውም ባክቴሪያውን በቀለም አጉልተው ካሳዩ በኋላ የግኝቱን ባለቤትነት ለራሳቸው አደረጉ። ከዚህም የተነሣ በሁለቱ መካከል ብርቱ ክርክር ተነሣ።

በዚያው ዓመት ኅዳር 3 ቀን ሐንሰን ካሪ ኒልስዳተር የተባሉ ሕመምተኛን ወደ ክፍላቸው አስጠሩ። ካሪ በሆስፒታሉ ለብዙ ዓመታት የኖሩ፣ የሕመማቸውም ዓይነት የሰውነትን ስሜት የሚያደነዝዘው ነበር። ሐንሰን እብጠት ከሚያወጣው ከሌላው ዓይነት ሕመምተኛ በተወሰደ ነገር የተነካ ቢላዋ በዓይናቸው ሽፋን ላይ ወጉ። አሳባቸው አንደኛው ዓይነት ሕመም ወደ ሌላው ይተላለፍ እንደ ሆነ ማየት ነበር። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አልነገሯቸውም፤ ፈቃዳቸውንም አልጠየቁም።

ካሪ ግን ዝም አላሉም። የደረሰባቸውን ሕመምና ለዓይናቸው ያደረባቸውን ፍርሃት ለሆስፒታሉ ቄስ ተናገሩ። ነገሩ ከቄሱ ወደ ባለሥልጣኖች ደረሰና ክስ ተመሠረተ። ሐንሰን በፍርድ ቤት ድርጊቱን አልካዱም። ቢጠይቋቸው እሺ እንደማይሏቸው በመገመት እንዳልጠየቁ፣ ሕመሙ አስቀድሞ ያለባቸው ስለሆኑም አደጋ እንዳልታያቸው አስረዱ። ግንቦት 31 ቀን 1880 የበርገን ፍርድ ቤት ሐንሰን ከሆስፒታሉ ሐኪምነት እንዲሰናበቱና የፍርዱን ወጪ እንዲከፍሉ ወሰነ። የመላ አገሪቱ ዋና ሐኪምነታቸው ግን አልተነካም።

የሐንሰን መከላከያ በጥሞና ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ቢጠየቁ እሺ አይሉም የሚለው ግምት ሕመምተኛዋ የራሳቸው አሳብ ያላቸው ሰው መሆናቸውን የሚያምን ነው፤ ዳሩ ግን ያንኑ አሳብ ለማለፍ ሲባል ጥያቄው ራሱ ቀረ። ሕመሙ አስቀድሞ አለባቸው የሚለውም ምክንያት የታመመ ወይም የተጐዳ አካል ከጤናማው ያነሰ መብት አለው ከማለት አይለይም። በአንጻሩ ካሪ የጠየቁት ከባድ ነገር አልነበረም። በገዛ ዓይናቸው ላይ የሚደረገውን አስቀድሞ ማወቅ ብቻ ነበር። በሕይወታቸው ዘመን ከሆስፒታል ወጥተው የራሳቸውን ኑሮ ለመምራት ያልታደሉ ሰው በአገሪቱ ከሚከበሩት ሊቃውንት በአንዱ ላይ አቤት ማለታቸው፣ ፍርድ ቤቱም ቃላቸውን መስማቱ፣ በዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር።

ከዚህም በላይ ሙከራው ለሳይንስ የጨመረው ነገር የለም። ሕመሙ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው አልተለወጠም። ዛሬ እንደሚታወቀው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ በሰው ላይ ምልክት እስኪያሳይም በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም 20 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ በአንድ የቢላዋ ውጋት መልስ የሚገኝለት ጥያቄ አልነበረም።

መልሱን ወደ ማግኘት ያቀረባቸው ሌላ መንገድ ነበር። በ1888 ሐንሰን ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግረው በሚኔሶታና በአካባቢዋ ወደ ሠፈሩት ኖርዌያውያን ሄዱ። ከእነዚህ ስደተኞች መካከል ሥጋ ደዌ ይዟቸው የሄዱ ብዙዎች ነበሩ። ሐንሰን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ፈለጉ፤ ጠየቁ፤ መረመሩ። በልጆቹ ላይ ሥጋ ደዌ አላገኙም። ሕመሙ በዘር የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ባሕር መሻገር ባላስቀረው ነበር። ስለዚህ ለሐሳባቸው ብርቱ ድጋፍ የሆናቸው በቢላዋ የተወሰደ ነገር አልነበረም፤ በራቸውን ከፍተው ስለ ቤተሰባቸው የነገሯቸው ሰዎች ቃል ነበር።

የሐንሰን ስሕተት የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። በ1884 በሃዋይ ደሴት ኤድዋርድ አርኒንግ የተባሉ ሐኪም ሞት ለተፈረደበት ኪያኑ ለተባለ እስረኛ የሥጋ ደዌ ነገር ከተቡት። ኪያኑ ፈቃዱን ሰጥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን የፈቃዱ ዋጋ ከስቅላት መዳን ነበር። በኋላ ሕመሙ ታየበት፤ በ1892ም ሞተ። ቤተሰቦቹ ሕመሙ ስለ ነበረባቸው ያ ሙከራም ምንም አላረጋገጠም። በሌላ በኩል ከሐንሰን ጋር ስለ ግኝቱ የተከራከሩት ናይሰር ከቂጥኝ ጋር በተያያዘ ምርምር ለሴተኛ አዳሪዎች ሳያሳውቁ ሴረም በመውጋታቸው ተከሰው ተቀጡ። ከዚህም የተነሣ የፕሩስያ መንግሥት በ1900 ሐኪሞች ያለ ሕመምተኛው ግልጽ ፈቃድ ሙከራ እንዳያደርጉ መመሪያ አወጣ። እንግዲህ በአንድ ባክቴሪያ ግኝት ላይ የተከራከሩት ሁለቱም ሊቃውንት በአንድ ዓይነት ጥፋት ተፈርዶባቸዋል። በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ደንብና በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ ይህንኑ መሠረታዊ ሐሳብ ለዓለም ሁሉ አጸኑት።

ከፍርዱ በኋላ ሐንሰን ከማይክሮስኮፕ ይልቅ ወደ ሕዝብ ጤና አስተዳደር አዘነበሉ። በ1877 እና በ1885 የወጡት የኖርዌይ ሕጎች ሕሙማን በገዛ ቤታቸው የተለየ ክፍል እንዲኖራቸው፣ ያ ካልተቻለም ወደ ሆስፒታል እንዲገቡ ያዝዙ ነበር። የሕሙማኑ ቍጥር በሐንሰን ዘመን በብዙ እጅ ቀነሰ። ለዚህ መቀነስ የሕጎቹ ድርሻ ምን ያህል፣ የኑሮ መሻሻል ድርሻስ ምን ያህል እንደሆነ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። ከቤታቸው የተለዩት ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ግን የሚያከራክር አይደለም። በ1909 ሁለተኛው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ በበርገን ሲደረግ ሐንሰን ፕሬዚዳንት ሆነው መሩት። የካቲት 12 ቀን 1912 ለሥራ ጕብኝት በወጡበት በፍሎሮ ከተማ በልብ ሕመም ዐረፉ።

በአዲስ አበባ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል የተቋቋመው ሐንሰን ከሞቱ ከሃያ ዓመታት ያህል በኋላ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከከተማው ዳር ተሠርቶ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። በአራዳና በሌሎችም ሠፈሮች በአብያተ ክርስቲያናት ደጅ ይታዩ ከነበሩት ሕሙማን ብዙዎቹ በሆስፒታሉ ዙሪያ ሠፈሩ። በ1965 በዚያው ስፍራ ለመላ አፍሪካ የሥልጠናና የተሐድሶ ማዕከል የሆነው አለርት ተመሠረተ፤ በ1970ም የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች በአርማወር ሐንሰን ስም የተጠራውን የምርምር ኢንስቲትዩት ከጎኑ አቋቋሙ። በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ በተደረገ ጥናት ዳፕሶን የተባለውን መድኃኒት ጨርሶ ወስደው በማያውቁ አዳዲስ ሕሙማን ላይ መድኃኒቱን የሚቋቋም ባክቴሪያ ተገኘ። ይህን የመሰሉ ውጤቶች የዓለም ጤና ድርጅት ከ1981 ጀምሮ በአንድ ጊዜ ብዙ መድኃኒት እንዲሰጥ እንዲወስን ረድተዋል። ውጤቶቹ የተገኙት ከሕሙማን ሰውነት ከተወሰዱ ናሙናዎች ነው። ዛሬ ከሥጋ ደዌ የሚድን ሰው ሁሉ ስማቸው ያልተጻፈ የእነዚያ ሕሙማን ባለ ዕዳ ነው።

ፈቃድ መጠየቅ ግን የባልደረባነት መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ፈቃድ የሚጠየቀው ሰው ጥያቄው ከተዘጋጀ በኋላ የሚጠራ ነው፤ ባልደረባ ግን ጥያቄው ሲዘጋጅ የሚገኝ ነው። በ1996 በሥጋ ደዌ የተጠቁ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ማንም ሰው ያለ ነጻ ፈቃዱ የሕክምና ወይም የሳይንስ ሙከራ እንዳይደረግበት ይደነግጋል፤ አካል ጉዳተኞችም በሚመለከቷቸው ውሳኔዎች እንዲመከርባቸው ሳይሆን እንዲማከሩ ያዝዛል። በወላይታ ዝሆኔ በተባለው የእግር እብጠት ላይ የዘር ጥናት ሊደረግ በታሰበ ጊዜ ተመራማሪዎቹ በቅድሚያ ነዋሪዎቹንና ሕሙማኑን ፈቃድ እንዴት ቢጠየቅ ነጻ እንደሚሆንና ምን እንደሚያሰጋቸው ጠይቀው ነበር። ይህም አጠያየቁን ራሱን ከባለጉዳዩ የመማር ምሳሌ ነው።

ይህ ነገር የሐኪሞች ብቻ ጉዳይ የሚመስለው ባለሙያ ቢኖር የጫማን ነገር ይመልከት። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጐዳ የእግር ጫማው ድንጋይም ሚስማርም ቢወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉ ይሰፋና አካል ያሳጣል። መፍትሔው ከውስጥ ለስላሳ፣ ከውጭ ጠንካራ የሆነ ጫማ ነው። በሠሪው መለኪያ እንከን የሌለው ሆኖ ሳለ ባለቤቱ ከቤት የሚተወው ጫማ ግን አለ። ምክንያቱም የጫማው መልክ የሚያደርገውን ሰው ሕመም ለመንገደኛ ሁሉ ስለሚናገርበት ነው። ይህን ጉድለት የግፊት መለኪያ መሣሪያ አያሳይም፤ የሚያሳየው ጫማውን አድርጎ በሰው መካከል የሚሄደው ሰው ነው።

የመንገድና የሕንፃ ሥራም እንዲሁ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ፒያሳ የተባለው የጥንቱ አራዳ ከተራራ ሥር የተዘረጋ፣ ዳገትና ቍልቍለት የበዛበት ሠፈር ነው። በ2009 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል። መሐንዲሱ የመወጣጫውን ተዳፋት በወረቀት ላይ አስልቶ አዋጁን ሊፈጽም ይችላል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ሰው ወይም በበትር መንገድ የሚፈልገው ዓይነ ስውር ግን ከመወጣጫው ግርጌ ያለው የቦይ ክዳን ክፍት መሆኑን፣ የእጅ መደገፊያው ከሚያስፈልግበት ቦታ ቀድሞ ማለቁን ያውቃል። እርሱ የሚጠራው ሕንፃው ሲመረቅ ከሆነ ዕውቀቱ ባከነ ማለት ነው፤ ንድፉ ገና በጠረጴዛ ላይ ሳለ ከተጠራ ግን የሥራው ባለሙያ ይሆናል፤ ድካሙም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ድካም ዋጋና ምስጋና ይገባዋል።

አርማወር ሐንሰን ስማቸው በኢንስቲትዩት ደጃፍ መጻፉ ተገቢ ነው። በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎችን ከዘር ርግማን ስም ያላቀቀውን እውነት ያገኙ እርሳቸው ናቸው። በበርገን የተጠበቁት የሥጋ ደዌ መዛግብት ከ2001 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ ውስጥ ሲመዘገቡ የሐንሰን ግኝት ብቻ ሳይሆን የሕሙማኑ ስምና ቃል አብሮ ተመዝግቧል። የካሪ ኒልስዳተር አቤቱታም የዚያው ታሪክ ክፍል ነው። በሐንሰን ስም ምርምር የሚያደርግም ሆነ በማናቸውም ሙያ ለተጐዱ ሰዎች የሚሠራ ሰው ሁለቱን ስሞች አብሮ ሊያስብ ይገባዋል። የመጀመሪያው እውነትን መፈለግ እንዴት እንደሚያስከብር፣ ሁለተኛው ደግሞ እውነት ከማን ጋር ሆኖ መፈለግ እንዳለበት ያስተምራሉ።